ካርዶዞ ማን ነበር?

ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ብቅ ያለ ሐበሻ ዩ ስትሪትን ሳያውቅ አይቀርም። የእኛ ምግብ ቤቶች የበዙበት ሰፈር ነው። የባቡር ጣቢያው ስም ረዥም ነው፤ መጨረሻው ላይ ካርዶዞ የሚል አለበት። እኔም እንደ ብዙው ሰው ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ኋላ ታሪኩን ሳገላብጥ አንድ አስተማሪ አገኘሁ፤ ያውም ወህኒ የወረደ አስተማሪ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራንሲስ ሉዊስ ካርዶዞ በ1836 በደቡብ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ ተወለደ። እናቱ ባሪያ ያልነበረች ጥቁር ሴት፣ አባቱ ይሁዲ ነጭ ነበር። እስከ 12 ዓመቱ ተምሮ አናጢ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። በመጋዝና በመዶሻ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ በ1858 ስኮትላንድ ተሻገረና ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ገባ። ላቲንና ግሪክኛ ተምሮ ተሸለመበት። ሥነ መለኮትም አጥንቶ ሲመለስ በኒው ሄቨን ከተማ ፓስተር ሆነ።

እዚያው ቢቀመጥ ማን ይወቅሰዋል? ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ እንዳበቃ፣ በ1865፣ ወደ ተወለደበት ከተማ ተመለሰ። ለባሪያ ማንበብ ማስተማር በሕግ የተከለከለበት ግዛት ነበር እኮ! አሁን ነፃ የወጣው ሕዝብ ፊደል ፊደል ይላል። ካርዶዞ ከሰሜን የሚላኩ አስተማሪዎች ብቻ እንደማይበቁ ስለገባው ከዚያው ሕዝብ መምህራን የሚያፈራ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ኋላ ኤቨሪ የተባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ይኸው ነው።

ፖለቲካ ውስጥ የከተተውም ይኸው የትምህርት ነገር ይመስለኛል። በ1868 የግዛቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የትምህርት ኮሚቴውን የመራው እሱ ነው። ትልቁ ክርክር ጥቁርና ነጭ ልጅ አንድ ክፍል ይቀመጥ ወይ የሚል ነበር። ካርዶዞ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ትምህርት ቤት በቀለም ምክንያት ለማንም በሩ እንዳይዘጋ አጥብቆ ተከራከረ፤ ሐሳቡም ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። በተግባር ግን ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ነው የተማሩት።

በዚያው ዓመት የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ። በአሜሪካ በጠቅላላ የግዛት ምርጫ ሥልጣን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር መሆኑ ነው። በሥልጣን ላይ እያለም ማስተማሩ አልቀረለትም፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ላቲን አስተምሯል። በ1872 ደግሞ የግዛቱ ገንዘብ ያዥ ሆነ። በዚያ መንግሥት ሌባ አልነበረም አልልም፤ ሞልቶ ነበር። እሱ ግን ካዝናውን ጠበቅ አድርጎ በመያዙ በ1875 የገዛ ፓርቲው ሰዎች ጭምር ሊያስወርዱት ሞከሩ። አልተሳካላቸውም።

በ1877 የፌዴራሉ ወታደር ድጋፉን ሲያነሳ ሥልጣኑ ወደ ቀድሞዎቹ ጌቶች ወገን ተመለሰ። ካርዶዞ ቢሮውን ለቆ እንዲወጣ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት በማጭበርበር ሤራ ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ። ማስረጃው ደካማ ነበር። ሁለት ዓመት ተፈረደበት፤ ከስድስት ወር በላይ ታስሮ ተፈታ፣ በ1879 ይቅርታ ተደረገለት። ይቅርታ ማለት ግን ስሙን መመለስ አይደለም፤ እኔን የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ከዚያ ዋሽንግተን መጥቶ በፌዴራሉ ግምጃ ቤት ተራ ጸሐፊ ሆነ። በ1884 እንደገና ትምህርት ቤት ገባ፤ የከተማዋ ጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኖ እስከ 1896 መራው። ለጥቁር ልጆች የንግድ ሥራ ትምህርት የጨመረው እዚህ ነው። የሞተው በ1903 ነው።

በ1928 አንድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በስሙ ተሰየመ። ተማሪው በዝቶ ቦታ ሲጠበው፣ በ1950፣ ከዩ ስትሪት ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትልቅ ሕንፃ ተዛወረ። ሕንፃው እስከዚያን ጊዜ ድረስ የነጮች ብቻ ነበር።