ታኮና ሽብልቅ፤ የሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ሕይወት

ስለ ሴቶች ጫማ በመጻፋችን የሚስቅብን አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከጫማ ዐይነቶች አንዱ ከሀገራችን መከራ ጋር የተያያዘ ታሪክ ስላለው፥ የሠራውን ሰው ሕይወት ባጭሩ ለማቅረብ ወደድን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ በ1898 ከናፖሊ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በቦኒቶ መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ድኾች ነበሩ፤ እርሱም ከ14 ልጆች 11ኛው ነው። ጫማ ሰፊ ለመሆን ሲመኝ ቤተ ሰቦቹ አልወደዱለትም፤ በመንደሩ ይህ ሙያ የመጨረሻ ሆኖ ይቈጠር ነበርና። 9 ዓመት ሲሆነው ግን እኅቱ ለቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የምታደርገው ነጭ ጫማ ቢቸግራት፥ ሌሊቱን ሰፍቶ አደረሰላት።

በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በመኪና የሚሠራው ጫማ አላስደሰተውምና ካሊፎርኒያ ወርዶ ለሲኒማ ተዋንያን በእጁ ይሠራ ጀመር፤ በ1923 ዐሥርቱ ትእዛዛት ለተባለው ፊልም ጫማ የሠራ እርሱ ነው። ደንበኞቹ ጫማው ውብ ቢሆንም እግራቸውን እንደሚያማቸው ቢነግሩት፥ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሰውነትን አሠራር ተማረ። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱ የሚያርፈው በውስጥ እግሩ ጐድጓዳ ላይ መሆኑን ተረዳ። ታኮ ከፍ ባለ መጠን ክብደቱ ወደ ጣቶቹ ይገፋል፤ ጐድጓዳው ካልተደገፈ እግር ይሠቃያል። ስለዚህ በሶሉ ውስጥ ቀጭን ብረት እያስገባ ይደግፈው ጀመር።

በ1927 የእጅ ባለሙያዎችን ፍለጋ ወደ ፊሬንሴ ተመለሰ። በ1933 ከሰረ፤ ነገር ግን እንደገና ተነሣ።

በ1935 ፋሽስት ኢጣልያ ሀገራችንን ወረረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበርም በወራሪው ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ዘይት ግን በማዕቀቡ አልተካተተም። አውሮፕላኑም የመርዝ ጋዙም አልቆመም። ጥሩ ብረት የጠፋው ከጫማ ሰፊው ጠረጴዛ ላይ ነበረ። ፌራጋሞ ያገኘው ብረት እየተሰበረ ቢያስቸግረው፥ በታኮውና በሶሉ መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ በሰርዲንያ ቡሽ ሞላው። ሽብልቅ የመሰለው ጫማ እንዲህ ተወለደ፤ በ1937ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በሚቀጥለው ዓመት ከፊት በኩል ሳይቀር ሶሉ ወፍራም የሆነ፥ እንደ ቀስተ ደመና ቀለም የተደራረበ ጫማ ሠራ። ቆዳ ሲታጣ በሣር፥ በዓሣ ቆዳና በከረሜላ መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር ይሠራ ነበር። በ1947 በናይሎን ክር የሠራው፥ እግር ላይ የማይታይ የሚመስለው ነጠላ ጫማ በአሜሪካ ተሸለመ። በ1960 በ62 ዓመቱ ዐረፈ።

ጦርነቱ ሽብልቁን ወለደ ብለን ጦርነቱን አናመሰግንም፤ የእኛ ወገን ያለቀበት ነውና። ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ሌላ ነው። ታኮ የሚለውን ቃል እንኳ የወሰድነው ከኢጣልያንኛ ነው፤ ቆዳውና የሚያለፋው እጅ ግን በገዛ አገራችን ሞልቶ ነበር። የቆዳ ሠራተኛውን ግን ፋቂ እያልን ስንሰድብ ኖርን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ማንም በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ፤ አዋጁ ግን ከአፍ አልፎ ወደ ልብ አልገባም። ለመሆኑ ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል አባቱ ጫማ ሰፊ የሆነ ቢኖር፥ በጓደኞቹ ፊት ሳያፍር ለመናገር የሚደፍር ይገኛልን? የቦኒቶውን ልጅ ዘመዶቹ እንቢ ባሉት ጊዜ እሺ ብሎ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ የስንት ሴት እግር በተሠቃየ! በየመንደራችን እሺ ብለው የቀሩትን ልጆች ማን ቈጥሯቸው ያውቃል?