አከራይዋ እናት ያሳደገችው ኬሚስት

ስለ ሊነስ ፖሊንግ ስናነብ ከሁለቱ የኖቤል ሽልማቶቹ ይልቅ የገረመን የእናቱ ኑሮ ነው። ፖሊንግ በ1901 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት ተወለደ። መድኃኒት ቀማሚው አባቱ በ1910 በድንገት ሲሞት፣ እናቱ ቤል ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች። በፖርትላንድ ከተማ ለተከራዮች መኝታና ምግብ እያቀረበች ቤቱን ማስተዳደር ጀመረች። ጤናም አልነበራት። ልጇ ኮሌጁን ትቶ ደመወዝ እንዲያመጣላት ብትፈልግ ማን ይፈርድባታል?

እሱ ግን በ16 ዓመቱ ኮሌጅ ገባ። በ1919 ክረምት በመንገድ ሥራ ያገኘውን ገንዘብ ቢልክላትም ለቤት ወጪ ዋለ፤ ትምህርቱም ሊቋረጥ ሆነ። ያተረፈው ኮሌጁ ራሱ ነው፤ ገና በ18 ዓመቱ በወር 100 ዶላር ኬሚስትሪ እንዲያስተምር ቀጠረው። በኋላም ካስተማራቸው የቤት አያያዝ ተማሪዎች አንዷን፣ አቫ ሄለንን፣ በ1923 አገባ። ቤል በ1926 ስታርፍ የልጇን ዝና ገና አላየችም።

በ1932 ፖሊንግ ዛሬም ተማሪዎች የሚጠቀሙበትን የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ መለኪያ አወጣ። ቃሉ ይክበድ እንጂ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሁለት ሰዎች አንድ ጋቢ ለብሰው ሲተኙ ጋቢው ወደ ኃይለኛው ይሳባል። ኤሌክትሮን የሚጋሩ አቶሞችም እንዲሁ ናቸው። ፖሊንግ ለዚህ የመሳብ ኃይል ቁጥር ሰጠው፦ ፍሎሪን 4.0፣ ኦክስጅን 3.5፣ ክሎሪን 3.0፣ ሃይድሮጅን 2.1፣ ሶዲየም 0.9። ቁጥሮቹን ያገኘው ትስስሮችን ለመበጠስ የሚያስፈልገውን ጉልበት አነጻጽሮ ነው። የሁለት የተለያዩ አቶሞች ትስስር ከሚጠበቀው በላይ ሲጠነክር፣ ትርፉ የመሳብ ልዩነታቸውን ያሳያል።

ውሃ ውስጥ ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ሳብ ያደርጋል፤ ከሃይድሮጅን ግን ፈጽሞ አይነጥቅም። የወጣችን ጨው ግን ሌላ ነው። ክሎሪን ከሶዲየም ጋቢውን ጨርሶ ይወስዳል። ሆኖም አይለያዩም፤ ነጣቂው አሉታዊ፣ የተነጠቀውም አዎንታዊ ስለሚሆኑ እርስ በርስ ይያያዛሉ።

ስለ ኬሚካዊ ትስስር ባደረገው ምርምር በ1954 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ወደ ሰላም ትግል የሳበችው አቫ ሄለን ናት። በ1952 መንግሥት ፓስፖርት ቢከለክለውም አልተመለሱም፤ በ1958 የኑክሌር ሙከራ እንዲቆም ከ9,000 በላይ ሳይንቲስቶች የፈረሙበትን አቤቱታ አብረው ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አቀረቡ። የ1962 የሰላም ኖቤል ግን የተሰጠው በእሱ ስም ብቻ ነው። ይህ ለእኛ ልክ አልመሰለንም።