ሃሺሞቶ ማን ነበሩ? ጨው ስለማያድነው እንቅርት

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ አንገት ሲያብጥ ቀድሞ የሚታሰበው የአዮዲን እጥረት ነው። ብዙ ጊዜም ትክክል ነው፤ በተራራማ አገር ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ ጠርጎ ይወስደዋል። ይሁን እንጂ አዮዲን ያለው ጨው የማያድነው እንቅርትም አለ። የሃሺሞቶ ሕመም አለብዎት ከተባሉ፣ ስሙ የመጣው ከአንድ ጃፓናዊ ሐኪም ነው።

ዶክተር ሐካሩ ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1881 በጃፓን፣ ሚዬ በተባለው ግዛት ከሐኪሞች ቤተሰብ ተወለዱ። በ1907 በፉኩኦካ ከተማ በሕክምና ተመርቀው ቀዶ ሕክምና ክፍል ገቡ። እዚያም ከአራት ሴቶች በቀዶ ሕክምና የወጣ እንቅርት በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ የታይሮይድ ዕጢው በነጭ የደም ሴሎች ተወሮ አገኙት። ይህ ሕመም ከተለመደው እንቅርት የተለየ መሆኑን በ1912 በጀርመንኛ ጽፈው አሳተሙ።

ከዚያ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ አውሮፓ ቢሄዱም፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ አገራቸው መለሳቸው። ከ1916 ጀምሮ በትውልድ አካባቢያቸው ሕዝቡን ሲያክሙ ኖረው፣ በ1934 በታይፎይድ በ52 ዓመታቸው አረፉ። ነጭ የደም ሴሎቹ ዕጢውን ለምን እንደወረሩት ሳያውቁ ነው ያለፉት። መልሱ የተገኘው በ1956 ነው። የለንደን ተመራማሪዎች በእነዚህ ሕሙማን ደም ውስጥ የገዛ ዕጢያቸውን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት አገኙ። የሰውነት መከላከያ የራሱን ዕጢ እንደ ጠላት ቆጥሮት ነበር ማለት ነው።

ያኔ በቀዶ ሕክምና የታወቀው ሕመም ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በደም ምርመራ ይለያል። ውጤትዎን ሲያነቡ ይህን ያስታውሱ። ቲኤስኤች አንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ለታይሮይድ የሚላክ ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲደክም ትእዛዙ ይበረታል። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ፣ ፍሪ ቲ4 ደግሞ ዝቅ ካለ፣ ታይሮይድዎ ሥራው ቀንሷል እንጂ አልበዛም። ድካም፣ ብርድ አለመቻልና የሆድ ድርቀት የሚመጡት ከዚህ ነው። ፀረ ቲፒኦ የሚባለውም ከተገኘ፣ መንስኤው ሃሺሞቶ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ፀረ ቲፒኦ ብቻ ተገኝቶ ሌሎቹ ልክ ከሆኑ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ክትትል እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ሌቮታይሮክሲን ከታዘዘልዎ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ይውሰዱት፤ ቡናና ቁርስ ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ይደገማል። ተሻለኝ ብለው መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ ካረገዙ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ለሐኪምዎ ቶሎ ይንገሩ። አዮዲን ያለውን ጨው እንደ ቤተሰብዎ ሁሉ በልኩ ይጠቀሙ፤ መጠኑን መጨመር ይህን ሕመም አያድንም። በቀጠሮዎ ቀን የቀድሞ ውጤቶችዎን ይዘው ይምጡ፤ ሐኪሙ ለውጡን የሚያየው አስተያይቶ ነው።