ሻማ የተኮሰው ስኮትላንዳዊ

ሰሞኑን ጎንደር ሄጄ ቁስቋም አካባቢ ከአክስቴ ልጅ ጋር ስንዞር ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና ለአደን ጠመንጃ የትኛው ሳይለንሰር እንደሚሻል ጠየቀኝ። እሱ የሚያድነው ጌም ላይ ነው፤ ስሜን ተራሮች ላይ ዋልያ መግደል ክልክል መሆኑን አሳምሮ ያውቃል።

የማውቀውን ነገርኩት። ጠመንጃ የሚጮኸው በአብዛኛው የባሩዱ ጋዝ ከአፈሙዙ ድንገት ሲፈነዳ ነው። ሳይለንሰር ጋዙን በውስጡ ባሉት ክፍሎች አዘግይቶና አቀዝቅዞ ይለቀዋል። ከድምፅ የሚፈጥን ጥይት አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማውን ጩኸት ግን አያስቀረውም። ስለዚህ አዳኝ ሲመርጥ ለጥይቱ ልክ መሆኑን፣ ክብደቱንና ርዝመቱን ያያል። ትልቁ ጥቅሙም ጆሮን ማትረፉ ነው እንጂ ፊልም ላይ እንደምናየው ዝም ማሰኘቱ አይደለም።

ይህን እያወራሁ ዓይኔ ፍርስራሹ ላይ አረፈ። ጩኸቱ የጠቀመው አንድ ሰው እዚህ ነበር፤ ጄምስ ብሩስ።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 ስኮትላንድ ኪኔርድ ተወለደ። ወይን ጠጅ ነጋዴ ሆኖ ነበር፤ ሚስቱ በተጋቡ በወራት ውስጥ ሞተችበት። ከዚያ አልጀርስ ቆንስላ ሆነ፣ ዐረብኛ ተማረ። በ1769 ምፅዋ ወርዶ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም አስቀምጠውት የቤተ መንግሥቱን ልጆች አከመ። ሰዉም ያቆብ ይለው ጀመር።

ግን ሐኪምነቱ ብቻ አላዳነውም። በዚያ ዘመን ጎንደርን የያዙት ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ፤ ጉልበታቸውም ትግሬዎቹ ነፍጠኞች ናቸው። የእነዚያ ጠመንጃ በአብዛኛው በተለኮሰ ገመድ የሚተኩስ ነው። ብሩስ ደግሞ በባልጩት የሚተኩስ የአውሮፓ ጠመንጃ ይዟል። አንድ ቀን ግብዣ ላይ የራስ ሚካኤል ዘመድ ገብረ መስቀል ስለ ተኩስ ሲፎክር፣ ብሩስ የእኔ ሻማ ከአንተ ጥይት ይበልጣል አለና ጠብ ተነሣ፤ ካራም ተመዘዘ። (ሰውዬው አፉን መያዝ አይችልም ነበር፤ ይኼን ከራሱ መጽሐፍ መረዳት ይቻላል።)

ወሬው ገና ወጣት ከነበሩት ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዘንድ ደረሰ፤ አሳየን አሉት። ብሩስ የሞራ ሻማ ለሁለት ከፈለ። በግማሹ ሦስት ጋሻ ደርድሮ በሳ፣ በሌላው ወፍራም ጠረጴዛ። ብዙዎች አስማት ነው አሉ። አስማት የለውም፤ በቂ ፍጥነት ካገኘ ለስላሳ ሞራም ይበሳል። ከዚያ በኋላ የንጉሡ ባለሟል ሆነ።

በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝም አለ። አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ ከእሱ ወደ 150 ዓመት ቀድሞ አይቶታል። የባሰው ግን ሌላ ነው። አብሮት የሄደው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ውስጥ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈው። የራሱን ተኩስ ለዓለም ያሰማ ሰው የባልንጀራውን ድምፅ አፈነ። ይቺ እኔን ታናድደኛለች።

በ1774 ለንደን ሲመለስ ደግሞ እሱን የሚያምነው ጠፋ። በቁም ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አይቻለሁ ማለቱ መሣቂያ አደረገው። አኩርፎ አገሩ ገባ፤ አምስቱን ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ምን ገደለው? አለኝ። ጥይት መስሎታል። በ1794 ኪኔርድ ቤቱ እንግዳ ሴት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከደረጃ ወድቆ ነው የሞተው። ልጁ ግን አላበቃም፤ አሁን የሻማውን ነገር ጌሙ ላይ ካልሞከርኩ እያለ ነው።