ሄንሪ ሉስና የዜና መጽሔቶቹ

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ሕይወት ብዙ ተጽፎ እናገኛለን፤ የነገሥታቱንና የጦር አለቆቹን ወሬ ለሕዝብ ያቀርቡ ስለነበሩት ሰዎች ግን የምናውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት፥ የአሜሪካንን ንግድ፥ ፖለቲካና ኑሮ በመጽሔቶቹ አማካይነት ለዓለም ያሳየውን የሄንሪ ሉስን ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብ መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ሉስ አፕሪል 3 ቀን 1898 ዓ.ም. በቻይና አገር በሻንቱንግ ክፍል ተወለደ። አባቱ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናዊና መምህር ነበር። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሲሆነው፥ በ1900 ዓ.ም. ቦክሰር የተባሉት ዐመፀኞች በውጭ አገር ሰዎች ላይ ስለ ተነሡ ቤተ ሰቡ ሸሽቶ ነፍሱን አዳነ። ከዚያ ተመልሰው ልጁ እንግሊዞች በሚያስተዳድሩት በቺፉ የሚሲዮን ትምህርት ቤት በአዳሪነት ተማረ። በዚያን ጊዜ ሲናገር ይንተባተብ ነበር። አሜሪካንን ግን ያወቃት ይበልጡን ከወላጆቹ አፍና ከመጻሕፍት ነበር፤ አገሩን ከሩቅ ሆኖ እንደ ተስፋ ምድር መመልከቱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከልቡ አልጠፋም።

በ1913 ዓ.ም. በኮኔቲከት ወደሚገኘው ሆችኪስ ትምህርት ቤት ገባ። ጓደኞቹ የባለጸጋ ልጆች ሲሆኑ፥ እርሱ የሚሲዮናዊ ልጅ ስለነበረ በነፃ ትምህርት ዕድል ተቀብሎ በምግብ አዳራሽ እያስተናገደ ይማር ነበር። በዚያ ብሪተን ሀደን ከሚባል ተማሪ ጋር ተዋወቀ። ሁለቱ የትምህርት ቤቱን ጽሑፎች በማዘጋጀት እርስ በርሳቸው ይፎካከሩ ነበር፤ በየል ዩኒቨርሲቲም በተማሪዎች ዕለታዊ ጋዜጣ አብረው ሠሩ። እንግዲህ በተማሪነት የሚሠራ ጽሑፍ ከንቱ ጨዋታ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለቱ ወጣቶች አንድ ነገር አስተዋሉ። ጋዜጣ እጅግ በዝቶ ነበር፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው ግን ሁሉን አንብቦ የዓለምን ሁኔታ ለመረዳት ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ የሳምንቱን ወሬ መርጦ፥ በየርእሱ ከፍሎ፥ አሳጥሮ የሚያቀርብ መጽሔት ለማቋቋም አሰቡ። በ1922 ዓ.ም. ሥራቸውን ትተው 100,000 ዶላር ለማሰባሰብ ከባለጸጎች ደጅ ተመላለሱ። ያገኙት 86,000 ዶላር ያህል ቢሆንም ሥራውን ጀመሩ። ታይም የተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ማርች 3 ቀን 1923 ዓ.ም. በ15 ሳንቲም ለገበያ ቀረበ። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ከ25 ዓመት አይበልጡም ነበር። መጀመሪያ ላይ የራሳቸው ወሬ አቀባዮች ስላልነበሯቸው፥ ከዕለታዊ ጋዜጦች ያገኙትን እንደገና እየጻፉ ያወጡ ነበር።

በ1929 ዓ.ም. ሀደን በ31 ዓመቱ ታሞ ሞተ፤ ሸክሙም ሁሉ በሉስ ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተንኮታኮተ። እርሱ ግን ስለ ንግድ ብቻ የሚናገረውን ፎርቹን በፌብሩዋሪ 1930 ዓ.ም. አወጣ፤ ዋጋውም ለአንድ ቅጂ 1 ዶላር ነበር። የንግድ ድርጅት እንዴት እንደሚቋቋም፥ እንዴት እንደሚያተርፍና እንደሚከስር መርምሮ መጻፍ ለአገር የሚጠቅም ትልቅ ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ላይፍ የተባለውን ባለ ሥዕል መጽሔት በ10 ሳንቲም አቀረበ። በመጀመሪያው ቁጥር ሽፋን ላይ የወጣውን የፎርት ፔክ ግድብ ፎቶግራፍ ያነሣችው ማርጋሬት በርክ ዋይት ነበረች። በዚህ ጊዜ አስገራሚ ነገር ደረሰ፤ የማስታወቂያው ዋጋ በጥቂት ገዢዎች ግምት አስቀድሞ ስለ ተወሰነ፥ ገዢው ከተገመተው በላይ ሲበዛ የማተሚያው ወጪ ከገቢው በለጠ፤ ድርጅቱም በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። ገበያ መድራት ብቻውን ትርፍ አለመሆኑን ይህ ያስተምራል።

የእኛም አገር ስም በእነዚህ መጽሔቶች ተነሥቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዘውድ በዓላቸው ጊዜ በ1930 ዓ.ም. በታይም ሽፋን ላይ ወጡ፤ ጣልያን አገራችንን በወረረችበት በ1935 ዓ.ም. ደግሞ መጽሔቱ የዓመቱ ሰው ብሎ መረጣቸው። ነገር ግን ይህ ስም የምስጋና ሽልማት አልነበረም፤ በበጎም ሆነ በክፉ የዓመቱን ወሬ ከሁሉ ይልቅ ላናወጠ ሰው የሚሰጥ ስለሆነ፥ በ1938 ዓ.ም. ሂትለር፥ በ1939 ዓ.ም. ስታሊን ተመርጠዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንመጣለን። ሉስ በፖለቲካ የሪፐብሊካን ደጋፊ ነበረ፤ በ1952 ዓ.ም. ምርጫ መጽሔቶቹ ለአይዘንሀወር ማድላታቸውን ሁሉ ያውቅ ነበር። ከሁሉ የበለጠ የጐዳው ግን የትውልድ አገሩ የቻይና ፍቅር ነው። የቺያንግ ካይ ሼክን መንግሥት ከልቡ ይደግፍ ስለነበረ፥ በቻይና የነበረው የታይም ጋዜጠኛ ቴዎዶር ዋይት ስለዚያ መንግሥት ጉቦኝነትና ድካም የላከው ጽሑፍ ኒው ዮርክ ሲደርስ ተለውጦ ይወጣ ነበር። ዋይት በ1946 ዓ.ም. ከሥራው ወጣ። በ1949 ዓ.ም. ኮሚኒስቶች ሲያሸንፉ፥ መጽሔቱን አምነው ያነብቡ የነበሩ ብዙ አሜሪካውያን ነገሩ ድንገተኛ ሆነባቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ዘግይቶ የደረሰ እውነት ግን አንባቢውን ያለ ዝግጅት ያገኘዋል።

ሆኖም ሰውየውን በዚህ ብቻ ልንፈርድበት አይገባም። ስለ ጋዜጣ ነፃነት ምሁራን እንዲመረምሩ ድርጅቱ 200,000 ዶላር ሰጥቷል። በ1947 ዓ.ም. የወጣው የምሁራኑ ጽሑፍ ነፃነት ያለ ኃላፊነት እንደማይጸና ሲያስረዳ፥ ገንዘቡን የሰጠውንም ሰው ጭምር የሚገሥጽ ነበር።

ሉስ በ1964 ዓ.ም. የዋና አዘጋጅነቱን ሥራ ለሌላ አስረክቦ፥ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1967 ዓ.ም. በፊኒክስ ከተማ በ68 ዓመቱ ሞተ። ላይፍም በየሳምንቱ መውጣቱን በ1972 ዓ.ም. አቆመ።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት እኛ ተማሪዎች ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ድኻ ተማሪም ቢሆን ሐሳቡን በትጋት ከተከተለ ትልቅ ሥራ ሊሠራ መቻሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ያማረ ወረቀትና የተዋበ ሥዕል ለእውነት ዋስ አለመሆኑ ነው። ወሬውን የመረጠው፥ ያሳጠረውና የቀረውን የጣለው ሰው ነው፤ ሰውም የሚወደው አለው፥ የሚጠላውም አለው። ስለዚህ ስናነብ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም እንጠይቅ፤ ነገ ብዕር ስንይዝ ደግሞ የምንወደውን ነገር በሚመለከት ይበልጥ እንጠንቀቅ።