ሞሽዌሽዌ፣ የባሱቶ ሕዝብ መሥራች
(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ)

ስለ ጥንቱ የአፍሪቃ ነገሥታት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው የሚነሣው የታላላቅ ጦረኞች ነው። ሞሽዌሽዌ ግን፣ ምንም እንኳ ጦርነትን በሚገባ የሚያውቁ ቢሆኑ፣ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው የተበተነውን ሕዝብ በመሰብሰባቸውና ከባዕድ መንግሥታት ጋር በብልሃት በመኖራቸው ነው። ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪቃ ምድር የተከበበችውን፣ ዛሬ ሌሶቶ ተብላ የምትጠራውን ተራራማ አገር የመሠረቱ እሳቸው ናቸው። የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ የምናቀርበው፣ የባዕድ አገዛዝ የአንድን ሕዝብ ልማድና ኑሮ እንዴት እንደሚለውጥ አንባቢው እንዲመለከት በማሰብ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የተጻፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ሞሽዌሽዌ በ1786 ገደማ ሜንኳኔንግ በሚባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሞካቻኔ የአንድ ትንሽ ጎሣ አለቃ ነበሩ እንጂ ታላቅ ንጉሥ አልነበሩም። የልጅነት ስማቸውም ሌፖቆ ይባል ነበር። በጕልምስናቸው የአንድ ጎረቤት አለቃ ከብት ዘርፈው ሲመለሱ፣ ጢሙን እንደ ላጩት አድርገው በፉከራ ተናገሩ። ሞሽዌሽዌ የሚለውም ስም የምላጭን ድምፅ የሚያሰማ ስለ ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ መጠሪያቸው ሆኖ ቀረ።

በወጣትነታቸው ቍጡና ችኩል እንደ ነበሩ ይነገራል። ነገር ግን ሞሎሚ ወደሚባሉ ስመ ጥር ሽማግሌ ሄደው ምክር ተቀበሉ። ሽማግሌውም፣ ገዥ የሚሆን ሰው ድኻውን እንዲሰማ፣ በጥንቈላ የተከሰሰውን እንዳይገድል፣ ከጦርም ይልቅ ዕርቅን እንዲወድ አስተማሯቸው። ይህ ትምህርት ዕድሜያቸውን ሙሉ አልተለያቸውም።

ከ1820 በኋላ በደቡባዊ አፍሪቃ ታላቅ መከራ መጣ። ጦርነትና ረኃብ ተባብረው ሕዝቡን ከየቀዬው አፈናቀሉት። ባሱቶዎች ይህን ዘመን ዲፋቃኔ ይሉታል። በ1824 ሞሽዌሽዌ ተከታዮቻቸውን ይዘው ታባ ቦሲው ወደምትባል ተራራ ተጓዙ። የስሟም ትርጓሜ የሌሊት ተራራ ማለት ነው። እኛ በአገራችን አምባ የምንለው ዓይነት፣ ዙሪያው ገደል፣ ራሱ ሜዳ፣ በላዩ ምንጭና ግጦሽ ያለበት ስፍራ ነው። በሕይወታቸው ሳሉ ይህን አምባ በጦር የያዘ ጠላት አልነበረም።

በዚያ ጉዞ አያታቸው ፔዔቴ ከኋላ ቀርተው በረኃብ ምክንያት ሰው መብላት በጀመሩ ሽፍቶች እጅ ወድቀው ተበሉ። በኋላ በላተኞቹ በተያዙ ጊዜ ሕዝቡ ይገደሉ አለ። ሞሽዌሽዌ ግን እነዚህ ሰዎች የአያታቸው መቃብር መሆናቸውን፣ መቃብርም እንደማይደፈር ተናግረው፣ የመቃብር ማንጻት ሥርዓት ካስፈጸሙባቸው በኋላ መሬትና ከብት ሰጥተው ከሕዝባቸው ጋር ደባለቋቸው። በ1831ም የምዚሊካዚ ጦር ታባ ቦሲውን ሊይዝ መጥቶ ድል ሆኖ ሲመለስ፣ ለመንገድ ስንቅ ይሆነው ዘንድ ከብት ላኩለት። ያ ጦር ዳግመኛ አልመጣባቸውም።

ተሰዶ ለመጣ ድኻ ደግሞ ላም በአደራ ይሰጡት ነበር። ላሟ የንጉሡ ሆና ትቀራለች፤ ወተቷን ግን ድኻው ይጠጣል። በዚህ ልማድ ልዩ ልዩ ጎሣዎች በአንድ ገዥ ጥላ ሥር ተሰብስበው የባሱቶ ሕዝብ ሆኑ።

በ1833 ካሳሊስ፣ አርቡሴና ጎሰላን የሚባሉ ሦስት ፈረንሳውያን ሚሲዮናውያን መጡ። የመጡትም በግድ ሳይሆን ንጉሡ አስቀድመው አስተማሪ ይፈልጉ ስለ ነበረ ነው። ሞሪጃ በሚባል ስፍራ ጣቢያ እንዲያቆሙ ፈቀዱላቸው፤ ልጆቻቸውን ሌትሲዬንና ሞላፖንም ወደዚያ ላኩ። ሚሲዮናውያኑ የሴሱቶን ቋንቋ ተምረው በጽሕፈት አኖሩት። በ1863ም በቋንቋው ጋዜጣ ማተም ተጀመረ። ከዚሁ ትምህርት የተነሣ ቶማስ ሞፎሎ የሚባል ደራሲ በኋላ በገዛ ቋንቋው ልብ ወለድ ጽፎ፣ ቻካ የተባለው መጽሐፉ በ1925 በሞሪጃ ታተመ። ማረሻ፣ ስንዴና ፈረስም በዚያ ዘመን በአገሩ ተስፋፉ። የቆዳው ካባ ቀስ በቀስ በሱፍ ብርድ ልብስ ተተካ። ዛሬ ያ ብርድ ልብስ የባሱቶዎች የክብር ልብስ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ያለ ክርክር አልተፈጸመም። ሚሲዮናውያኑ ብዙ ሚስት ማግባትን፣ በከብት የሚከፈለውን ማጫ፣ ወንዶች ልጆች ተገርዘው የአባቶቻቸውን ሥርዓት የሚማሩበትንም ልማድ ተቃወሙ። ለንጉሡ ግን ነገሩ የግል ምኞት ብቻ አልነበረም። ወደ ንጉሥ ቤት የሚመጣው እንግዳና ስደተኛ የሚመገበው ከሚስቶቻቸው እርሻ ነበረ፤ ጋብቻውም ጎሣን ከጎሣ የሚያስተሳስር ገመድ ነበረ። ስለዚህ ሞሽዌሽዌ መካከለኛውን መንገድ መረጡ። ክርስቲያን የሆኑ ሚስቶቻቸውን በሰላም አሰናበቱ፤ ሥርዓቱን በሙሉ ግን አላፈረሱም። በ1854 ነጋዴዎች ወደ አገሩ መጠጥ አምጥተው እንዳይሸጡ፣ በ1855 በጥንቈላ ተከሶ ሰው እንዳይገደል በራሳቸው ሕግ ከለከሉ። ከባዕድ የተማሩትን መዝነው፣ የሚጠቅመውን በገዛ ሥልጣናቸው ይቀበሉ ነበር።

ትልቁ ችግር የመጣው በመሬት ነው። በባሱቶ ልማድ መሬት የሕዝብ ነው፤ አለቃ ለተጠቃሚው ያካፍላል እንጂ አይሸጥም። ከ1830ዎቹ ጀምሮ ቦኤር የሚባሉት የሆላንድ ዘር ገበሬዎች ከብታቸውን እየነዱ ሲመጡ፣ ሞሽዌሽዌ እንደ እንግዳ በካሌዶን ወንዝ አካባቢ እንዲሰማሩ ፈቀዱላቸው። ቦኤሮቹ ግን በውሰት የተቀመጡበትን ምድር እንደ ርስታቸው ቈጠሩት። አንዱ ወገን ስለ መጠቀም ሲናገር፣ ሌላው ስለ ባለቤትነት ያስብ ነበር። በ1849 የእንግሊዝ ሹም ዋርደን ድንበር ሲያሰምር ብዙውን ለም መሬት ለነጮቹ አደረገው።

በ1852 የእንግሊዙ ገዥ ካትካርት ስለ ከብት ዘረፋ ካሣ 10,000 ከብትና 1,000 ፈረስ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲገባለት ጠየቀ። ወደ 3,500 የሚሆን ከብት ብቻ ስለ ቀረበለት ታኅሣሥ 20 ቀን ጦሩን አዘመተ። የባሱቶ ፈረሰኞችም በርትተው ተዋጉት፤ 38 ወታደሮችም ሞቱበት። ሌላ ሰው ቢሆን በድሉ በፎከረ ነበር። ሞሽዌሽዌ ግን በዚያው ሌሊት ደብዳቤ አስጽፈው፣ ገዥው ኀይሉን እንዳሳየና ቅጣቱም እንዲበቃ ለመኑ። ገዥውም ክብሩ ሳይነካ ተመለሰ። እንግሊዞች በ1854 ከኦራንጅ ወንዝ በስተ ሰሜን ያለውን ምድር ለቀው፣ ቦኤሮቹ የራሳቸውን ነፃ መንግሥት አቆሙ።

ከዚህ በኋላ ንጉሡ ብቻቸውን ቀሩ። በ1858 የመጣውን የቦኤር ጦር መለሱ፤ በ1865 የተጀመረው ጦርነት ግን እጅግ ከበደ። ጠላት አምባውን መያዝ ቢያቅተው እህሉን አቃጠለ፣ ከብቱን ነዳ። በ1866 ሚሲዮናውያኑ ሳይቀሩ ከጣቢያቸው ተባረሩ። ሞሽዌሽዌም በእርጅና ዘመናቸው ከሁለት ክፉ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው። መሬታቸውን ፈጽሞ ከሚወስድባቸው ጎረቤት ይልቅ ሩቅ ያለውን መንግሥት መረጡ፤ ሕዝባቸው በራሱ ሕግና አለቆች እየተዳደረ በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲጠበቅ አጥብቀው ጠየቁ። መጋቢት 12 ቀን 1868 ገዥው ዎድሃውስ ባሱቶዎች የእንግሊዝ ንግሥት ዜጎች መሆናቸውን ዐወጀ። ከአንድ ወር በኋላ በመቅደላ አምባ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን አንሰጥም ብለው ሞቱ። የሁለቱ አምባ ባለቤቶች ዕጣ ምን ያህል የተለያየ እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል።

በ1869 በተደረገው ውል ከካሌዶን ወንዝ በስተ ምዕራብ ያለው ለም መሬት ለቦኤሮቹ ቀረ። ሞሽዌሽዌም ክርስትና ሊነሡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው መጋቢት 11 ቀን 1870 ዐርፈው በታባ ቦሲው ተቀበሩ።

ከሞታቸው በኋላ በ1871 ሕዝቡ ሳይጠየቅ አገሩ ለኬፕ ቅኝ ግዛት ተሰጠ። ዳኞች ተሾሙ፤ በየጎጆው 10 ሺሊንግ ግብር ተጣለ። ያ ግብር የሚከፈለው በገንዘብ በመሆኑ፣ እህሉንና ከብቱን ሸጦ ያልቻለ ጐልማሳ ወደ ኪምበርሊ የአልማዝ ጕድጓድ ወርዶ መሥራት ጀመረ። በዚህም መንገድ እርሻው ለሴቶችና ለሽማግሌዎች ተተወ። የኬፕ መንግሥት ጠመንጃቸውን ሊያስፈታ ባሰበ ጊዜ ግን በ1880 ጦርነት ተነሣ፤ ማስፈታቱም ስላልሆነለት በ1884 አገሩ በቀጥታ ወደ እንግሊዝ አገዛዝ ተመለሰ። ጥቅምት 4 ቀን 1966 ሌሶቶ ነፃነቷን አገኘች፤ ዙፋኑም በሞሽዌሽዌ ዘር እጅ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። ማረሻውም ትምህርት ቤቱም የጎጆ ግብሩም ሁሉ ከውጭ የመጡ ናቸው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱን ንጉሡ ጠርተው አስገቡት፤ ግብሩን ግን ሌላ ሰው ጫነው። ስንዴ የዘራ ገበሬ ማሽላውን ለማስቀረት ሊመርጥ ይችላል፤ ግብር የተጠየቀ ጐልማሳ ግን ከቤቱ መውጣትን አልመረጠም። የአንድን ሕዝብ ልማድ የሚሰብረው አዲስ ነገር መምጣቱ ብቻ አይደለም፤ የሚቀበለውንና የሚተወውን የመለየት ሥልጣን ከእጁ መውጣቱ ጭምር ነው። ሞሽዌሽዌ ብዙ መሬት አጥተዋል፤ ያን ሥልጣን ግን እስከ ቻሉ ድረስ ለሕዝባቸው ጠበቁለት። እኛም የውጭ ቋንቋና ጥበብ ለመማር በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተቀመጥን ተማሪዎች፣ ትምህርታችንን በርትተን ስንከታተል እንደ እሳቸው እየመዘንን መቀበልን ብንለምድ ለራሳችንም ለወገናችንም ይጠቅማል።