ኻሊል ፋራህ፦ የሱዳንን መልክ በዘፈን የሳለው የቴሌግራፍ ሠራተኛ

በሱዳን አዛ የተባለችውን ሴት የማያውቅ የለም። መልኳን አይቻለሁ የሚል ግን አይገኝም። አዛ የዘፈን ልጅ ናት። የፈጠራትም ቀን ቀን በካርቱም ፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት በቴክኒክ ሠራተኛነት ሲሠራ ውሎ፣ ማታ ዑዱን ይዞ ኦምዱርማን የሚያመሽ ኻሊል ፋራህ የተባለ ወጣት ነበር።

ኻሊል የተወለደው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1894፣ በሰሜን ሱዳን በሁለተኛውና በሦስተኛው የአባይ ፏፏቴዎች መካከል በምትገኘው የሳይ ደሴት ነው። ኦምዱርማን በወቅቱ የማህዲስቶች መንግሥት መናገሻ ነበረች። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ይህ መንግሥት በእንግሊዝና በግብፅ ጦር ወደቀ፤ ሱዳንም በስም የሁለቱ፣ በተግባር ግን የእንግሊዞች ግዛት ሆነች። ልጁ ፊደል የቆጠረው ኸልዋ በሚባለው የቁርአን ትምህርት ቤት ነው። አፉን የፈታው ደግሞ በኑብያ ቋንቋ እንጂ በአረብኛ አልነበረም። ኋላ ላይ የኦምዱርማንን የአደባባይ አረብኛ ከባለቤቶቹ በላይ ያሳመረ ገጣሚ መባሉን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሳያስደንቅ አይቀርም።

ወደ ካርቱም መጥቶ የገባበት ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ የተከፈተው በ1902 ሲሆን፣ ዓላማውም ለቅኝ አስተዳደሩ ጸሐፊ፣ መምህርና የእጅ ባለሙያ ማፍራት ነበር። ኻሊል የተማረው የቴክኒክ ሙያ ነው። ትምህርቱን እንደጨረሰ በፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ በዘመኑ ለተማረ ሰው የሚሰጠውን የኤፈንዲነት ማዕረግም አገኘ።

ያን ጊዜ ካርቱምና ኦምዱርማን ወንዝ ብቻ አልነበረም የሚለያቸው። ካርቱም የሹማምንትና የቢሮዎች ከተማ ነበረች። ነጭ አባይን ተሻግሮ ያለችው ኦምዱርማን ግን የሱዳናውያኑ መኖሪያ፣ የገበያውና የሠርጉ መንደር ነበረች። ዘመናዊው የሱዳን ዘፈን የተወለደውም በዚያ ሠርግ ቤት ነው። ገጣሚው ግጥም ይሰጣል፣ ድምፃዊው ይዘፍናል፣ ተቀባዮቹ በጭብጨባና በሪቅ ያጅቡታል። ዛሬ ሐቂባ የሚባለው ይህ ስልት ስሙን ያገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1950ዎቹ ከተላለፈ የሬዲዮ ዝግጅት ነው፤ ትርጉሙም ሻንጣ ማለት ነው። ዜማው እንደ ትዝታና እንደ ባቲ በአምስት ድምፅ የሚዋቀር በመሆኑ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ኻሊል ከብዙዎቹ የዘመኑ ሰዎች የሚለየው ገጣሚም፣ ዜማ ደራሲም፣ ድምፃዊም ሆኖ በመገኘቱ ነው። ግጥሙን ለሌላ አሳልፎ ከመስጠት ይልቅ ዑድ አንሥቶ ራሱ ይዘፍነው ነበር። የሱዳን ዘፈን ከጭብጨባ ወደ መሣሪያ ለተሻገረበት ጉዞ መንገድ ከጠረጉት መካከል ስሙ ቀድሞ ይነሣል።

ሕይወቱን የለወጠው ግን የ1924 ዓመፅ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ኻሊል ወጣት የተማሩ ሰዎች በምስጢር ባቋቋሙት የሱዳን ኅብረት ማኅበር ዙሪያ ከተሰባሰቡት አንዱ ነበር። በ1924 ዓሊ አብደል ለጢፍ የተባለው የቀድሞ መኮንንና ጓደኞቹ የነጩ ሰንደቅ ማኅበርን መሠረቱ። የማኅበሩ ዋነኛ የተቃውሞ መሣሪያ ቴሌግራም ሲሆን፣ ከአባላቱ ብዙዎቹም የኻሊል የሥራ ባልደረቦች፣ ማለትም የፖስታና ቴሌግራፍ ሠራተኞች ነበሩ። ቅኝ ገዥው ትእዛዙን ለማስተላለፍ የዘረጋው ሽቦ በራሱ ላይ የተቃውሞ መልእክት ይመላለስበት ጀመር።

መጨረሻው አላማረም። መሪዎቹ በክረምቱ ታሰሩ፤ የወታደራዊ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ኅዳር ላይ የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሰር ሊ ስታክ ካይሮ ውስጥ በጥይት ሲገደሉ፣ እንግሊዞች የግብፅን ጦር ከሱዳን አስወጡ። ካርቱም ውስጥ ያመፁ የሱዳን ወታደሮችም በውጊያ ተደመሰሱ። ዓሊ አብደል ለጢፍ ቀሪ ዘመኑን በእስርና በግዞት አሳልፎ በ1948 ካይሮ ውስጥ አረፈ። በአደባባይ ስለ አገር መናገር ወንጀል ሆነ፤ ስለ ሴት መዝፈን ግን አልተከለከለም።

አዛ በሱዳናውያን ልብ የነገሠችው በዚህ ጊዜ ነው። ስሟ በአረብኛ ክብር ማለት ሲሆን፣ በጥንታዊው የአረብ ግጥም የታወቀች የአንድ ባለቅኔ ወዳጅ ስምም ነው። የዓሊ አብደል ለጢፍ ባለቤት ስም አዛ በመሆኑ ዘፈኑን ከእሷ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። የአማርኛ አንባቢ ነገሩን በራሱ ቅኔ ቋንቋ ቶሎ ይረዳዋል፦ ሰሙ አፍቃሪ ለናፈቃት ሴት የሚገባው ቃል ኪዳን ነው፤ ወርቁ ሱዳን ናት። ሰላይ በዘፈኑ ውስጥ ከፍቅር በቀር የሚይዘው ነገር አልነበረም። ሠርገኛው ግን ያለ አስተርጓሚ ገባው።

ኻሊል ግን ብዙ አልቆየም። የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። የበሽታው ፍቱን መድኃኒት የተገኘው በ1940ዎቹ በመሆኑ፣ በእሱ ዘመን ለታማሚ የሚታዘዘው ዕረፍትና የአየር ለውጥ ነበር። ለሕክምና ካይሮ በሄደበት ጊዜ የኦምዱርማንን መንደሮችና የወንዝ ዳርቻዎች፣ አቡ ሮፍን ጨምሮ፣ እየጠራ የሚሰናበትበትን ግጥም ጻፈ። በ1920ዎቹ መጨረሻ አዛን በራሱ ድምፅ ሸክላ ላይ ያስቀረጸውም እዚያው ካይሮ ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ አዘፋፈኑም የተረጋጋ ነው። ዘፈኑን ኋላ ላይ በሙሉ የሙዚቃ ጓድ ከተጫወቱት ብዙ ድምፃውያን ይልቅ ይህ ቅጂ ይበልጥ ልብ ይነካል።

ሰኔ 1932 መጨረሻ ላይ አረፈ፤ ገና አርባ ዓመት አልሞላውም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ከሳይ ደሴት ብዙም በማትርቀው ሰዋርዳ፣ በኢትዮጵያም እጅግ የሚወደደው ሌላው የኑብያ ልጅ መሐመድ ወርዲ ተወለደ።

የኻሊል ግጥሞች ለአሥርተ ዓመታት በሰዎች ትውስታና በተበታተኑ ወረቀቶች ላይ ቆዩ። ደራሲው ዓሊ አል መክ ሰብስቦና አርሞ በ1977 በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በኩል አሳተማቸው። ድምፆቹን በማቆየት ረገድ ግን በ1940 ሥራ የጀመረው የኦምዱርማን ሬዲዮ ቤተ መዛግብት ባለ አደራ ሆኖ ኖረ።

ሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲፈነዳ ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ከያዛቸው የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዱ ይኸው የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። በእነዚያ ወራት የሱዳን የጥበብ ሰዎች ከሕንፃው ይልቅ በውስጡ ስላሉት የድምፅ ክሮች ይጨነቁ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሱዳናውያን ወደ ግብፅ ተሰደዋል፤ ብዙዎቹ የሚኖሩትም ካይሮ ነው። ከመካከላቸው የአቡ ሮፍ ልጆች ይገኙበታል።